ተበዳይ በመዝገቡ የት አለ?

የወንጀል ተጎጂዎችን መብት የሚመለከቱ ሕጎቻችንን እንድፈትሽ ስትጋብዙኝ ቦታው ከሚሴ በመሆኑ ደስ ብሎኛል። በዚህ ጉዳይ ይህ አካባቢ ለሌላው አገር የሚያስተምረው አለው፤ ራሱ የሚማረውም አለ።

ከተራ ነገር ልነሳ። ማንኛውንም የወንጀል መዝገብ ብትገልጡ ከላይ ሁለት ስም ታገኛላችሁ። ከሳሽ ዐቃቤ ሕግ፤ ተከሳሽ እገሌ። የተደበደበው፣ ቤቱ የተቃጠለበት፣ የተደፈረችው፣ ልጇ የተገደለባት እናት እዚያ የሉም። ወረድ ብሎ በወንጀሉ ዝርዝር ውስጥ «የግል ተበዳይ» ተብለው ይጠቀሳሉ። ከዚያ በማስረጃ ዝርዝሩ ላይ ከነአድራሻቸው ይሰፍራሉ። የሚሰፍሩት ግን ምስክር ሆነው ነው። መጥሪያው የሚደርሳቸውም በዚያው ስም ነው፤ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ችሎት ቀርበህ መስክር፤ ያለበቂ ምክንያት ብትቀር ታስረህ ትቀርባለህ። መስክሮ ሲያበቃ ጨርሰሃል፣ መሄድ ትችላለህ ይባላል። ይሄዳል። ፍርዱ ምን እንደሆነ፣ ቅጣቱ ስንት እንደሆነ፣ ሰውየው መቼ እንደሚፈታ ለተበዳዩ የመንገር ግዴታ ያለበት ሰው በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ውስጥ ብትፈልጉ አታገኙም። የበደለው ሰው መፈታቱን ገበያ ላይ ፊት ለፊት ሲገጥመው የሚያውቅ ተበዳይ አለ።

ዛሬ የምናገረው በአንድ ነገር ላይ ነው። ሕጋችን ለተበዳይ መብት አልነፈገም። መብቱን ጽፎ አስቀምጧል። ያላደረገው፣ ያንን መብት ለተበዳዩ ማድረስ የማን ሥራ እንደሆነ መወሰን ነው። «መጠየቅ ይችላል» ይላል እንጂ «ሊነገረውና ሊጠየቅ ይገባል» አይልም። በእነዚህ ሁለት አነጋገሮች መካከል ስንቱ ተበዳይ እንደወደቀ የፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው ያውቀዋል።

እንዲህ የሆነው ሕግ አውጪዎቹ ክፉዎች ስለነበሩ አይደለም። በጥንቱ ሥርዓት የጉዳዩ ባለቤት ደም የፈሰሰበት ወገን ነበር። የገዳዩ ጥፋት ሲረጋገጥ የሟች ቤተሰብ ደም ይመልሳል፣ ወይም የደም ካሳ ይቀበላል። ተበዳይን ከፍ አድርጎ የሚያስቀምጥ ሥርዓት ነበር፤ ሆኖም ወገን የሌለውን አይጠብቅም። ወንድም የሌላት መበለት ደም መላሽ ከየት ታመጣለች? ቂሙም ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ይወርድ ነበር። ዘመናዊው መንግሥት መጥቶ ወንጀል የሕዝብ ጉዳይ ነው፣ ክሱን እኔ እይዛለሁ፣ እናንተ በቀሉን ተዉ አለ። ትክክል ነበር። ተበዳዩም በቀሉን አስረከበ። በምትኩ ሊሰጠው የተገባለት ነገር ግን ገና በሙሉ አልተከፈለውም፤ ስለዚህ የተበዳይን መብት ስንጠይቅ ምጽዋት የምንለምን መምሰል የለብንም። የቆየ ዕዳ ነው የምንጠይቀው።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 20 ለተከሰሰ ሰው ሰባት ንዑስ አንቀጾች ሰጥቶታል። ፈጣንና ግልጽ ችሎት፣ ክሱን በዝርዝር የማወቅ፣ ንጹሕ ሆኖ የመገመት፣ ጠበቃ የማቆም፣ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አለው። አንዱም እንዲነካ አልፈልግም፤ ነገ እኛም ልንከሰስ እንችላለን። ነገር ግን ለወንጀል ተጎጂ ተብሎ በስሙ የተጻፈ አንቀጽ በዚያው ሕገ መንግሥት ውስጥ የለም። አንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው ጉዳዩን ለፍርድ ቤት አቅርቦ ውሳኔ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል፤ ተበዳዩ የሚጠለለው እዚያ ሥር ነው።

አሁን ወደ ካሳው እንሂድ። የብዙው ተበዳይ ሕመም እዚህ ላይ ነው፤ እኔም እዚህ ላይ ቆም እላለሁ።

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 101 ላይ በወንጀሉ ጉዳት የደረሰበት ሰው ወይም ወራሾቹ ካሳ እንዲከፈላቸው ወይም ንብረታቸው እንዲመለስ መጠየቅ፣ የፍትሐ ብሔር ጥያቄያቸውንም ከወንጀሉ ክስ ጋር ማጣመር እንደሚችሉ ይደነግጋል። ሥነ ሥርዓቱን የሚነግረን የ1954ቱ ሕግ ነው። በአንቀጽ 154 መሠረት ተበዳዩ ማመልከቻውን የሚያቀርበው የወንጀሉ ክስ መሰማት ሲጀምር ነው። ይህን ልብ በሉ፤ ሲጀምር። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 155 ደግሞ ጥያቄው ውድቅ የሚሆንባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል። ተከሳሹ አካለ መጠን ያላደረሰ ከሆነ፣ ክሱ የሚሰማው በሌለበት ከሆነ፣ ተበዳዩ በፍትሐ ብሔር ከስሶ ከሆነ፣ ካሳውን ለመወሰን ብዙ ተጨማሪ ምስክር የሚያስፈልግ ከሆነ። የመጨረሻው ከሁሉም ይሰፋል፤ ፍርድ ቤቱ የካሳው ጥያቄ የወንጀሉን ክስ ያወሳስባል ወይም ያዘገያል ብሎ ካመነ አይቀበለውም። መዝገብ የተደራረበበት ዳኛ ፊት የትኛው የካሳ ጥያቄ ነው ጉዳዩን የማያዘገየው?

እንበልና አንድ ገበሬ ሰንበቴ ገበያ ላይ በተነሳ ጠብ ቀኝ እጁን በጩቤ ተወጋ፤ ጅማቱ ተቆረጠ። ከሚሴ ታከመ፤ አልበቃም ተብሎ ደሴ ተላከ። ለመኪና፣ ለመድኃኒትና ለአስታማሚ ቀለብ በሬ ተሸጠ። ወራቱ የማሽላ አረም የሚታረምበት ነው፤ ማረሚያውን የሚይዘው እጅ ታስሯል። ፖሊስ ቃሉን ተቀበለው፤ ዐቃቤ ሕግ ክስ መሠረተ። ክሱ የተሰማ ቀን ገበሬው ቤቱ ነው፤ ምክንያቱም የሚጠራው ምስክር መስማት ሲጀመር ብቻ ነው። በቀጠሮው መጥቶ እጁን ለዳኛው ያሳያል፤ ጠባሳው ለክሱ ማስረጃ ይሆናል። ስለ በሬው የሚጠይቀው የለም። ከወራት በኋላ አንድ ጎረቤት ካሳ እኮ መጠየቅ ትችል ነበር ይለዋል። ሲመጣ ጊዜው አልፏል፤ በፍትሐ ብሔር ክሰስ ይባላል። አዲስ መዝገብ፣ አዲስ ቀጠሮ፣ የዳኝነት ክፍያ። አቅም የሌለው በደሃ ደንብ እንዲከስ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ይፈቅዳል፤ ድህነቱን ለማስመስከር ግን ከቀበሌ እስከ ፍርድ ቤት መመላለስ አለበት፤ በዚያ እጁ።

ይህ ገበሬ ማወቅ የነበረበትን ሁለት ነገር እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፤ ለጎረቤት ንገሩ። ከውል ውጪ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቅበት ጊዜ በመደበኛው 2 ዓመት ነው፤ ጉዳቱ የመጣው በወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከዚያ የሚረዝም ከሆነ ረጅሙ ይይዛል። ይህ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 ላይ አለ። ተከሳሹ በወንጀሉ ነፃ ቢባል እንኳ የካሳ በር አይዘጋም፤ አንቀጽ 2149 የፍትሐ ብሔር ዳኛው በወንጀል ችሎቱ የነፃ ውሳኔ እንደማይታሰር ይናገራል።

ገበሬው ሁሉንም አልፎ ቢረታስ? ለሕክምናው፣ ለበሬው፣ ለጠፋው የሥራ አቅም በማስረጃ ልክ ይፈረድለታል። ሌሊት ከእንቅልፉ እየባነነ ለሚነሳበት፣ ልጆቹ ፊት ስለ መዋረዱ፣ ለሕሊና ጉዳቱ ደግሞ በአንቀጽ 2116 መሠረት የሚፈረድለት ቢበዛ 1,000 ብር ነው። ይህ ጣሪያ የተጻፈው በ1952 ዓ.ም ነው። ያኔ አንድ የአሜሪካ ዶላር 2.50 ብር ገደማ ስለነበር 1,000 ብር ወደ 400 ዶላር ይጠጋ ነበር፤ ያን ጊዜ ከባድ ገንዘብ ነበር። ዛሬ በባቲ የሰኞ ገበያ አንዲት ፍየል አይገዛም። ልጇን የተነጠቀች እናት፣ የተደፈረች ተማሪ፣ ሕሊናቸው በዚህ ሒሳብ ይተመናል። በአገራችን ሕጎች ውስጥ በአንዲት መስመር ማሻሻያ ይህን ያህል ነውር የሚነሳበት ሌላ ቦታ አላውቅም። ቁጥሩን ከፍ አድርጎ እንደገና ቆልፎ መተውም አይበጅም፤ በየጊዜው ከኑሮው ጋር የሚስተካከል መሆን አለበት።

ስለ ዋስትናና ስለ ደኅንነት ደግሞ አርሲ ውስጥ የሆነውን ላስታውሳችሁ። በ1993 ዓ.ም አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች። ፖሊስ አስጣላት፤ ጠላፊው ተያዘ። ከዚያ በዋስ ተለቀቀ። ተለቅቆም ያችኑ ልጅ ዳግመኛ ጠለፋት፤ ደብቆ አቆያት፤ የጋብቻ ውል እንድትፈርም አስገደዳት። በወረዳው ፍርድ ቤት እሱ 10 ዓመት፣ ግብረ አበሮቹ 8 ዓመት ተፈረደባቸው፤ በ1996 ዓ.ም ግን የዞኑ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሽሮ ለቀቃቸው። በዚያን ጊዜ የሚሠራበት የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ክሱ የሚቀርበት ድንጋጌ ነበረው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና አንድ ዓለም አቀፍ የሴቶች መብት ድርጅት ጉዳዩን ለአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብት ኮሚሽን አቀረቡ። ኮሚሽኑ በ2008 ዓ.ም ኢትዮጵያ ልጅቱን ባለመጠበቋ ኃላፊ ናት ብሎ 150,000 የአሜሪካ ዶላር ካሳ እንድትከፍል ወሰነ። በአገሯ ሕግ የሕሊናዋ ጉዳት ከ1,000 ብር የማይበልጥ ልጅ፣ አህጉሩ ያን ያህል ገመተላት።

አዲሱ የወንጀል ሕግ ያንን በጋብቻ ማምለጫ ዘግቶታል። በአንቀጽ 587 ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ መድፈር ካለበት ስለ መድፈር የተደነገገው ቅጣት ይጸናበታል። ይህ የታገሉ ሴቶች ድል ነው። ያልተዘጋው ቀዳዳ የዋስትናው ነው። ተከሳሹ ዋስ ሲጠይቅ ፍርድ ቤቱ ፖሊስንና ዐቃቤ ሕግን ይሰማል፤ ከሰውየው ቤት ሦስት ቤት አልፎ የምትኖረውን ልጅ የመስማት፣ ቢያንስ ዛሬ ተለቅቋል ብሎ የመንገር ግዴታ ያለበት ሰው የለም። በ2003 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699 ማንነትን ከመሰወር እስከ መኖሪያ መቀየር ድረስ መልካም መልካም ነገሮች አሉት። የሚሠራው ግን 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ለሚያስቀጡ ወንጀሎች፣ ያውም ማስረጃው በሌላ መንገድ የማይገኝ ሲሆን ነው። ባሏ የሚደበድባት ሴት በዚያ በር አትገባም።

ስለ ክስ መቅረት ደግሞ ባጭሩ። ዐቃቤ ሕግ ማስረጃው አይበቃም ብሎ መዝገቡን ሲዘጋ ነገሩ ያለቀ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አላለቀም። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 44 ተበዳዩ የአያስከስስም ውሳኔው ከደረሰው ጊዜ አንሥቶ በ15 ቀን ውስጥ ክስ እንዲቀርብ እንዲታዘዝለት ማመልከት እንደሚችል ይፈቅዳል። በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስከስሱ ቀላል ጉዳዮች ደግሞ ራሱ እንዲከስ በጽሑፍ ይፈቀድለታል። ነገር ግን 15 ቀኑ የሚቆጠረው ውሳኔው ሲደርሰው ነው። በቃል «ተዘግቷል» የተባለ ሰው እጅ ምን ደረሰ? ስለዚህ እዚህ ያላችሁ ሁሉ፣ መዝገቡ የተዘጋበት ዘመድ ካላችሁ፣ ወረቀቱን ይጠይቅ፤ ቀኑ የተጻፈበት፣ የተፈረመበት ወረቀት።

አሁን አድማጮቼ፣ ወደ አውራ ጎዳናው ልውሰዳችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ከሚሴን ለሁለት ከፍሎ ያልፋል። በዚህ መንገድ ላይ የጭነት መኪና አንድ ሰው ገጭቶ ቢያመልጥ፣ ሰሌዳው ባይታወቅ፣ ሕጉ ተጎጂውን ሜዳ ላይ አይጥለውም። በ2005 ዓ.ም የወጣው የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 ለእንዲህ ያለው ሰው የሚከፍል የመድን ፈንድ አቋቁሟል፤ አስቸኳይ ሕክምናም እንዲያገኝ ደንግጓል። ገጪው ይያዝ አይያዝ አይጠየቅም። እዚያው መንገድ ዳር፣ በዚያው ምሽት፣ አንድ ሰው በሌላው ሰው በጥይት ቢመታና ተኳሹ ወደ ጨፋ ሜዳ ጨለማ ቢገባ ግን ለተመታው የሚከፍል ፈንድ የለም። ተኳሹ ተይዞ፣ ተከስሶ፣ ተፈርዶበት፣ የሚሸጥ ንብረት ተገኝቶበት ካልሆነ ምንም የለም። ሁለቱ ሰዎች አንድ ሆስፒታል፣ አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ሊተኙ ይችላሉ። ልዩነታቸውን የሚያስረዳ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

ፈንድ የማቋቋም ሐሳብ ለእኛ እንግዳ አለመሆኑን ሌላም ሕግ ያሳያል። በሰው የመነገድና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር የማሻገር ወንጀልን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ተጎጂው እንዳይከሰስ፣ ካሳ እንዲያገኝ፣ እንዲቋቋም ይደነግጋል፤ ለዚህም ፈንድ ያስባል። ከሚሴ ካለችበት ከዚህ ዞን በአፋር በረሃ፣ በጅቡቲና በየመን አድርጎ ወደ ሳዑዲ ያልሄደ ልጅ ያለበት ቀበሌ ማግኘት ስለሚቸግር የዚህን አዋጅ ጥቅም ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ደላላው ያስራባትና ያስደበደባት ልጅ በዚህ ሕግ ተጎጂ ትባላለች፤ ጥፋተኛ አትባልም። ታዲያ ለአንዱ ወንጀል ተጎጂ የታሰበው ለሌላው ለምን አይታሰብም?

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚለኝ ሰው መልሱ በእጃችን ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 102 ወንጀለኛው ካሳውን ሊከፍል የማይችል መስሎ ሲታይ ፍርድ ቤቱ ከመቀጮው፣ ከተወረሰው ዕቃ ሽያጭ ወይም ከዋስትናው ገንዘብ ለተበዳዩ እንዲሰጥ ማዘዝ እንደሚችል ይናገራል። አሁንም «ይችላል» ነው። ኒውዚላንድ በ1963 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለወንጀል ተጎጂዎች መንግሥት ካሳ የሚከፍልበትን ሕግ ስታወጣ ከዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። አሜሪካኖች በ1984 ያቋቋሙት የተጎጂዎች ፈንድ በዋናነት የሚሞላው በፌዴራል ወንጀለኞች መቀጮ ነው፤ ከግብር ከፋዩ ኪስ አይወጣም። ያ አሠራር የአንቀጽ 102 ታላቅ ወንድም ነው። የእኛ መቀጮ ዛሬ መንግሥት ካዝና ገብቶ ይቀራል። ከዚያ ውስጥ በሕግ የተወሰነ ድርሻ ለተጎጂ ይለይ ማለት ሰማይ መቧጠጥ አይደለም።

ወደ ቤታችሁ ልግባ። በወሎ አስታራቂዎቹ አበጋሮች፣ በዚህ ዞን ደግሞ ሼኾች ምን ያህል ደም እንዳደረቁ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። ተመራማሪዋ ሜሮን ዘለቀ በ2010 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ስለዚሁ ዞን «የሼኮች ችሎት» አንድ ጥናት አሳትማለች። በሼኾች መካነ መቃብርና ደጅ የሚቀመጠው ያ ችሎት ነፍስ ግድያን ሳይቀር ይመለከታል፤ የተለያየ ሃይማኖትና ብሔር ያላቸው ባለጉዳዮችም ይመጡበታል። የሚያስከብረው ፖሊስ አይደለም፤ መሐላና የእርግማን ፍርሃት ነው።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ የሚያስቀናኝ አሰላለፉ ነው። የገዳይ ወገን ሽማግሌ ይልካል። የሟች ቤተሰብ ይመልሳል። ደግሞ ይላካል፤ ደግሞ ይመለሳል። ሽማግሌዎቹ ደጅ ይጠናሉ፤ ከቤት የሚወጣውን ፊት እያዩ ይጠብቃሉ። የሟች እናት ታለቅሳለች፤ ሁሉም ይሰማታል፤ ማንም «ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም፣ ይለፍ» አይላትም። አጥፊው በአንደበቱ ማጥፋቱን ያምናል። ጉማው ወይም ካሳው ይቆረጣል፤ ዘመድ ያዋጣል፤ ዱዓ ይደረጋል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገሩ ያለ ተበዳይ ፈቃድ አይንቀሳቀስም። መደበኛው ችሎት ከዚህ መማር ያለበት ይህንን ነው። በ1985 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያጸደቀው የወንጀል ተጎጂዎች ፍትሕ መሠረታዊ መርሆዎች መግለጫም ባህላዊ የእርቅ መንገዶች ተገቢ በሆነበት ሁሉ ተጎጂን ለመካስ ሥራ ላይ እንዲውሉ ይመክራል።

የማይስማማኝንም ሳልሸሽግ ልናገር፤ ታላላቆቼ ናችሁና ታግሣችሁ ስሙኝ። ተበዳዩ ወንድ፣ ባለ ወገን፣ ባለ ርስት ሲሆን ሽምግልናው ይጠብቀዋል። ተበዳይዋ የተደፈረች ልጅ ስትሆን ግን የሚታረቁት አባቷና የደፋሪው አባት ናቸው። ካሳው የሚቆጠረው ለቤቱ ነው፤ እሷ በአንዲት ጥግ ትቀመጣለች። አንዳንዴም ካሳው ራሷ ትሆናለች፤ ትዳርለት ይባላል። አስገድዶ መድፈር በግል አቤቱታ የሚቆም ወንጀል አይደለም፤ የአባት እርቅ ክሱን አያነሳም፤ የሽማግሌ ውል ጋብቻ አያደርገውም። እንዲህ ባለው ጉዳይ ሽምግልና ከገባ መግባት ያለበት ከፍርዱ ጎን፣ ልጅቱ ፈቅዳ፣ ሴት ሽማግሌዎች ባሉበት፣ ካሳው በእሷ እጅ የሚገባ ሲሆን ነው። በነፍስ ግድያም ቢሆን ሟቿ ሚስት ስትሆን፣ ገዳይዋም ባል ሲሆን፣ ልጆቹን ማን ወክሎ ነው የሚታረቀው? ይህን ጥያቄ ከነገ ጀምሮ ራሳችሁ እንድትጠይቁ እለምናችኋለሁ። የኦሮሚያ ክልል በ2013 ዓ.ም ለባህላዊ ፍርድ ቤቶች በሕግ ዕውቅና ሰጥቷል። በአማራ ክልል ውስጥ ላለው ለዚህ ዞንም ተመሳሳይ ነገር ሲታሰብ የሴቶችና የሕፃናት ተበዳዮች ጥበቃ ከመጀመሪያው መስመር መግባት አለበት።

መደበኛው ሕግና ሽምግልናው የሚገናኙበት አንድ በር አለ፤ አመክሮ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 ታራሚ በአመክሮ ከሚፈታባቸው ሁኔታዎች አንዱ የሚችለውን ያህል ጉዳቱን መካሱ እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ ቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ የጨረሰው ታራሚ ሽማግሌ ይልካል። ለተበዳዩ ቤተሰብ ይህ ደስታም ሥቃይም ነው፤ ለዓመታት ያልጠየቃቸው ሰው የመፍቻው ቀን ሲቀርብ ደጃቸውን ያንኳኳል። ካሳው ከፍርዱ ጋር አብሮ ተወስኖ፣ ታራሚው ማረሚያ ቤት ሠርቶ ከሚያገኘው እየተቆረጠ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ለተበዳዩ ቢላክ ኖሮ እርቁም የእውነት እርቅ ይሆን ነበር።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። በ2013 ዓ.ም በመጋቢትና በሚያዝያ በአጣዬ፣ በከሚሴ ዙሪያና በአጎራባች ወረዳዎች የሆነውን እዚህ አዳራሽ ውስጥ የማያስታውስ የለም። የኦሮሞም የአማራም፣ የሙስሊምም የክርስቲያንም ቤት ተቃጥሏል፤ ሬሳ ተለቅሟል። በ2014 ዓ.ም የሰሜኑ ጦርነት ራሱ ከሚሴ ገባ። እንዲህ ባለው ጥፋት ማን ተኮሰ፣ ማን አቃጠለ የሚለው ለብዙው ሰው ፈጽሞ ላይታወቅ ይችላል። ከሳሽና ተከሳሽ ብቻ የሚያውቅ ሥርዓት ተከሳሽ ሲጠፋው ተበዳዩም ይጠፋዋል። የ1985ቱ መግለጫ ግን አንድ ሰው ተጎጂ ለመባል አጥፊው መታወቁ፣ መያዙ ወይም መቀጣቱ ግድ እንዳልሆነ በግልጽ ያስቀምጣል። በዚህ አካባቢ ያለ ሰው ከዚህ ዓረፍተ ነገር የበለጠ የሚያስፈልገው ሕግ ያለ አይመስለኝም።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ እውነት ማፈላለግን፣ ልዩ ዐቃቤ ሕግንና ልዩ ችሎትን፣ ካሳንና ባህላዊ የፍትሕ ሥርዓቶችን በአንድ ላይ ይዟል። ፖሊሲ ሕግ ይሆን ዘንድ የሚያስፈጽሙት አዋጆች ያስፈልጉታል። እዚያ ላይ አንድ የቆየ ትምህርት አለን። በደርግ ባለሥልጣናት ላይ የተካሄደው የቀይ ሽብር ችሎት ከ1987 እስከ 1999 ዓ.ም ድረስ ፈጅቶ ጥፋተኛ ብሏቸዋል፤ ያ ትልቅ ነገር ነው። ለሟች ቤተሰቦች ግን የተደራጀ የካሳ ፈንድ አልተቋቋመም። ብዙ እናቶች በፍርዱ ማግሥትም ያው የልጃቸውን ፎቶግራፍ ታቅፈው ኖሩ። የአሁኑ ሕግ ካሳን ከቅጣቱ በኋላ የሚታይ ጉዳይ ካደረገው ያው ይደገማል።

ስለዚህ የምጠይቀው እንዲህ ነው። ለብዙ ዓመታት ሲረቀቅና ሲከለስ የቆየው የወንጀል ሥነ ሥርዓትና የማስረጃ ሕግ ተበዳዩ ስለ ዋስትናው፣ ስለ ፍርዱና ስለ መፈታቱ እንዲነገረው ያስገድድ፤ ዳኛው ጥፋተኝነትን ባረጋገጠ ቁጥር የተበዳዩን ጉዳት ሳይጠይቅ ቅጣት እንዳይወስን ያድርግ። የ1,000 ብሩ ጣሪያ ይነሳ። ከመቀጮ የሚሞላ የተጎጂዎች ፈንድ ይቋቋም፤ የመጀመሪያው ክፍያም ለሕክምና፣ ጉዳቱ ለደረሰበት ለዚያው ሌሊት ይሁን።

እነዚህ የአዲስ አበባ ሥራ ናቸው፤ ጊዜ ይወስዳሉ። ያለ አዲስ ሕግ እዚሁ ሊጀመር የሚችለውን ደግሞ ለባለቤቶቹ ልንገር። ፖሊሶች፣ ቃል ስትቀበሉ የሕክምናውን ደረሰኝ፣ የተሸጠውን በሬ ዋጋ፣ የቀረውን የሥራ ቀን አብራችሁ ጻፉ፤ የሚወስደው አንድ ገጽ ነው። ዐቃብያነ ሕግ፣ ክሱ የሚሰማበትን ቀን ለተበዳዩ በስልክ አስታውቁ፤ አንቀጽ 154ን በሚሰማው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም ንገሩት፤ ማመልከቻ መጻፍ ላልቻለው የሚሞላ ቅጽ አዘጋጁ። መዝገብ ስትዘጉ ውሳኔውን ቀን ጽፋችሁ፣ አስፈርማችሁ ስጡት። ዳኞች፣ አንቀጽ 155 የካሳ ጥያቄን እንድትመልሱ ይፈቅድላችኋል፤ ስትመልሱ ግን ምክንያቱን በመዝገቡ ላይ ጻፉ፤ አንቀጽ 102ንም ተጠቀሙበት። ሼኾችና ሽማግሌዎች፣ የቆረጣችሁትን ካሳ በጽሑፍ አስፍሩ፤ ማን እንደተቀበለም ይጻፍ። ቤታችሁ የተቃጠለባችሁ ደግሞ የቀራችሁን ማስረጃ፣ ፎቶግራፉን፣ የቀበሌውን ደብዳቤ፣ የምስክሮቹን ስም አሁኑኑ አሰባስቡ፤ ሕጉ ሲወጣ የሚጠይቃችሁ ያንን ነው።

የቀረውን ጊዜ ለጥያቄ እንተወው፤ ከሴቶቹ ረድፍ ብንጀምር እመርጣለሁ።